የወተት ማንኪያ

በምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ሱቃቸው የታሸገባቸው ወተት ነጋዴዎች ተራ ይጠብቃሉ። እኔ ለሌላ ጉዳይ መጥቼ አንዲት ሴትዮ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፀጉራቸው ገብስማ ነው፤ የሹራባቸው ክርን ተጥፏል። አንዲት የሻይ ማንኪያ በሻሻቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ወደ ብርሃን አዙረው ያዩዋታል፣ እንደገና ይወለውላሉ።

ከፊታችን የተቀመጠ ወፍራም ነጋዴ ሰዉን ያስቃል።

«ወተትህ ውስጥ ውሃ ተገኘ አሉኝ። ላሚቱ ጠጥታ ይሆናላ! እሷን ይክሰሷት እንጂ እኔ ምን ላድርግ?»

ሴትዮዋ ብቻ አልሳቁም። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ በሩ ሳይዘጋ ቀረ።

«እናቴ፣ ወተቱ እንዳይበላሽ ኬሚካል ተጨምሮበታል» አላቸው ተቆጣጣሪው።

«ከአከፋፋይ ነው የምረከበው፣ ልጄ። ላዩ ላይ ንጹሕ የላም ወተት ይላል።»

«እሱንም ይዘነዋል። የእርስዎ ሱቅ ግን የሚከፈተው…»

«ሱቁ ገደል ይግባ! የጠጣውን ሰው ምን ያደርገዋል? እሱን ንገረኝ።»

«ማን ጠጣው?»

ሴትዮዋ ማንኪያዋን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ደንበኛ ሲጠራጠር የልጅ ልጄን ጠርቼ ፊቱ በዚህች ማንኪያ አቀምሳት ነበር። ለገዛ ልጄ መርዝ እሰጣለሁ እንዴ ስለው አምኖኝ ይገዛል።»

ተቆጣጣሪው የያዘውን ብዕር አስቀመጠ።

«ሰሞኑን ሆዴን ትላለች» አሉ ሴትዮዋ። «ያም ሆኖ ይቺን ማንኪያ ስታይ አፏን ከፍታ ትሮጥልኛለች። እንዳታያት ብዬ ነው ይዣት የወጣሁት።»