ከልብስ ማጠቢያ የተወለደው ማጨጃ

ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሰውዬ ስሙን እንኳ አላውቀውም። የማውቀው ጆሮው ላይ የሚሰካትን እርሳስ፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ቱታውንና ብሎን ባጠበቀ ቁጥር የሚያፏጨውን ፉጨት ነው። ዛሬ ፉጨቱ አላስቀምጥ ቢለኝ ወጣሁ።

«ና እይ፣ ወንድሜ!» አለኝ፣ ዐሥር ዓመት እንደምንተዋወቅ ሁሉ።

ሰውዬው ሣር ማጨጃ ሠርቷል፤ ያውም በኤሌክትሪክ የሚሄድ! ከተጣለ ልብስ ማጠቢያ በፈታው ሞተር ሥር ክብ የመጋዝ ምላጭ አስሯል። መግፊያው የአሮጌ አልጋ ብረት ነው። ጎማዎቹን ሳይ ግን ክው አልኩ፤ የተሽከርካሪ ወንበር ጎማዎች ናቸው።

«የባለቤቴ ነበሩ» አለ፣ እጁን በቱታው እየጠረገ። «አሁን አያስፈልጓትም።»

«ያጽናህ» ልለው አፌን ስከፍት እሱ ወደ ቤቱ ዞሮ ተጣራ፤ «አንቺ ሴት! ነይ ገመዱን ያዢልኝ፤ ዛሬም እንደ ትናንቱ ምላጩ እንዳይበላው!»

በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴት የኤሌክትሪኩን ገመድ ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ፣ ቀስ እያለች፣ በገዛ እግሯ ሣሩ ላይ ወጣች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ከኋላዬ ነበርክ» አለችው። «ዛሬ እኔ ከኋላህ ነኝ። በል ግፋ!»