የመምህሩ መቅደስ

ጠመኔ በሸተተኝ ቁጥር ያ ሰሌዳ ይመጣብኛል። በጃንሆይ ጊዜ፣ ጎንደር፣ ህንዳዊው መምህራችን አገሩ ህንድ ያለውን የትውልድ መንደሩን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ሰሌዳው ላይ ሣለልን። «ድንጋዩን አያቶቻችን ጠረቡት» አለ በተሰባበረ አማርኛ። «ጫማ አውልቀን፣ ደወል ደውለን እንገባለን። ውስጠኛው ክፍል ግን የካህኑ ብቻ ነው።»

የቄስ ልጅ ነኝና ደስ አለኝ። ቤት ስገባ ለአባቴ፣ «አባ፣ የህንዱ መምህራችን አገር ቤተ ጸሎትም እንደኛው መቅደስ አለው!» አልኩት።

በማግሥቱ አባቴ ትምህርት ቤት መጣ። «ምነው! ለቄስ ልጅ የጣዖት ቤት ታስተምራላችሁ?» ብሎ ጮኸ። ዳይሬክተሩ መምህሩን ከክፍል አስወጣው፤ ከትናንት ሰሌዳው ላይ የቀረውን ሥዕል እንዳጠፋ እኔን አዘዘኝ። ደጁን አጠፋሁ፣ ደወሉን አጠፋሁ። ውስጠኛው ክፍል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«እሱንም አጥፊ» አለኝ አባቴ።

አጠፋሁት። መምህሩ በመስኮት ያየኝ ነበር። ይኸው አርጅቼም፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማዬን ሳወልቅ ቀና ብዬ መቅደሱን ለማየት አፍራለሁ።