በንጉሥ በር በበቅሎ

አያ አንሙት ለማን ብለው ነበር ከበቅሏቸው የሚወርዱት? ጎረቤታቸው ሆኜ አድጌ ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። ከመንደራችን ወደ አምበር ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር የጥንት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ። ግንቡ ወድቆ በሩ ብቻ ቆሟል፤ ውስጡን ወይራ ወርሶታል። የየትኛው ንጉሥ እንደነበር የሚያውቅ የለም። አያ አንሙት ግን እዚያ ሲደርሱ ይወርዱና ልጓም ይዘው በእግራቸው ያልፋሉ። አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ።

«በንጉሥ ደጅ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ማለፍ ነውር ነው» ይላሉ።

ዘንድሮ ጉልበታቸው ደከመ። መውረዱስ ደህና፣ መልሶ መውጣቱ ጭንቅ ሆነ። አንድ ቀን ታዲያ ለባለቤታቸው ለእቴ አለሚቱ፣ «ያን ንጉሥ ዕድሜዬን ሙሉ አከበርኩት፤ አሁን ተራው የእሱ ነው። በበሩ በበቅሎዬ ሳልገባማ አልሞትም!» አሉ።

«እንግዲያስ አይግቡ፣ ይኑሩልኝ።»

ለጥምቀት ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ልጃቸው ማርቲ ግን ስልኳን አዘጋጀች። ቅዳሜ ጠዋት አያ አንሙት አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ በቅሏቸውን ሸጊትን አስጊጠው ወጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ተከተለ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ሸጊት ቀጥ አለች። በእርካቡ ጎሸም ቢያደርጓት ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም።

«ምን ሆነች?» አለች ማርቲ።

«አባትሽ እስኪወርዱ እየጠበቀች ነዋ! ከውርንጭላነቷ ያስለመዷት እሳቸው!» አሉ እቴ አለሚቱ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የአያ አንሙት ፊት ቅጭም አለ። ጥቂት ቆይተው እያቃሰቱ ወረዱ። እግራቸው መሬት እንደነካ ሸጊት ልጓሙን እየጎተተች ገባች፤ እሳቸው ከኋላ።

«እቴጌ ገቡ!» አለ አንዱ።

አያ አንሙት ውስጥ ገብተው ግንቡን ዳሰሱት፤ ወይራውን ቀና ብለው አዩት። ድንገት ፊታቸው በራ። ከወደቁት ጥርብ ድንጋዮች ባንዱ ላይ ቆሙና ሸጊት ላይ ተፈናጠጡ። እሷም ሳታንገራግር ይዛቸው በበሩ ወጣች።

«አለሚቱ! ድሮ ሰው በንጉሥ በር እንዴት ነበር የሚገባው?»

«በእግሩ።»

«ተሾሞ ሲወጣስ?»

እቴ አለሚቱ እልልታቸውን አቀለጡት። «በበቅሎ! ታዲያ ምን ብሎ ሾመዎት?»

«ያንቺ ባል ብሎ!»

ማታ የማርቲ ስልክ ያን እልልታ ሲደጋግም ባጥሩ በኩል ይሰማኝ ነበር። «እስቲ መልሺው» ይላሉ፤ ደግሞ «መልሺው»። ከዶሮ ጋር የሚተኙት ሰውዬ ያን ዕለት የተኙት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።