ግልባጭ ያለው ወሬ

እህቴ አሁን በጽሕፈት ሱቃችን አንድ ገጽ ለመተየብ ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች። መጀመሪያ ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ ቀጥላ ባለጉዳዩን ቀና ብላ አይታ "ይሄን ያለው ማነው?" ትለዋለች። የመኪና ሽያጭ ውል ሊያስተይብ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። "ተይቢ ተባልሽ እንጂ መርምሪ ማን አለሽ?" ብለው ጥለዋት የሄዱ ብዙ ናቸው። እኔ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ወረቀት አስተካክላለሁ። ምን አፍ አለኝ? ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ሰፈሩ "ማሽኗ" ነበር የሚላት። ከእኔ ጋር የጎረቤት ሐሜት እያወራች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል፣ አሥሩም ጣቶቿ ይሯሯጣሉ። "ጽሑፍ በዓይኔ ገብቶ በጣቴ ይወጣል፤ ጭንቅላቴን አያስቸግረውም" ትል ነበር፣ እንደ ትልቅ ሙያ ቆጥራው። የተዝረከረከ ወረቀት ደግሞ አትወድም። የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ እንኳ ብታመጡላት ከላይ ቁጥርና ቀን፣ መሀል ላይ "ጉዳዩ"፣ ከታች "ግልባጭ" ሳታደርግ አትለቃችሁም። "ግልባጩ ለማን ነው? ለውሻው?" እያልኩ እስቅባት ነበር።

የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ጨዋ መሳይ ጎልማሳ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዞ መጣ። "አሳምሪልኝ" አላት፤ ሌላ ምንም አላለም። እሷም የአክስታችን ልጅ ባሏን ለምን እንደፈታች እያወራችኝ በአምስት ደቂቃ አሳመረችው። ሁለት መቶ ኮፒ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀለሙ እንዳይደበዝዝ እያንዳንዱን ገልጬ አየሁ። ምን እንደሚል ግን አላየሁም። ሰውየው አመስግኖ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየነውም።

አባታችን ምርጫ በመጣ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚሰለፍ ሰው ነው። እግሩን ከታመመ ወዲህ እንኳ ከዘራውን ይዞ በጠዋት ይወጣል። የምርጫው ዕለት እሁድ ግን በቤት ልብሱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይቆርጣል።

"አባዬ፣ አትሄድም እንዴ?" አልኩት።

"የኛ ሰፈር እኮ የሚቀጥለው እሁድ ነው። ትናንት ማታ ፋርማሲው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ።"

"ወሬ ይሆናላ" አለች እህቴ።

"የምን ወሬ? ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ጉዳዩ ይላል። ከታች ግልባጭ ሁሉ አለው። ግልባጭ ያለው ወሬ የት አየሽ?"

እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም ክው አልኩ። ወተት ልንገዛ ነው ብለን ወጣንና እስከ ፋርማሲው ሮጥን። የራሷ ሥራ ነው፤ አንድ መስመር እንኳ አልተንጋደደም። "የታችኛው ሰፈር መራጮች ድምፅ የምትሰጡበት ቀን ወደሚቀጥለው እሁድ የተዛወረ መሆኑን እናሳውቃለን" ይላል። ማኅተም የለውም፣ ፊርማ የለውም። ማን ልብ ይላል? መብራት ምሰሶው ላይ አለ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አለ፣ የብዙው ግቢ በር ላይ አለ። ምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ደጋግመን ደወልን፤ የሚያነሳ ጠፋ።

ያኔ ሱቁን ከፈተች። ማስተባበያ ተየበች፣ እኔ አባዛሁ፣ ከሐሰቱ ጎን ለጎን ለጠፍን። ይህ ከመጀመሪያውም የባሰ ነበር። አናጺው ጎረቤታችን ቆሞ ሁለቱንም አነበበና "ሁለቱም የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። የቱን እንመን? እስኪጣራ ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል" ብሎ ተመለሰ። ሊመርጡ ለብሰው የወጡ ሁለት ሴቶችም ይህን ሰምተው ተከተሉት።

እህቴ የቀሩትን ማስተባበያዎች እጄ ላይ አስቀመጠች። "ወረቀት አይሆንም" አለች። "በየቤቱ ገብቼ እኔ ነኝ የጻፍኩት ማለት አለብኝ።"

"ሱቁስ? ቢያስሩሽስ?"

"ይሰሩኛ። አንቺ አባዬ ጋ ሂጂ። ግን እንዳትነግሪው፤ ከኔ አፍ ነው መስማት ያለበት። ስጨርስ እመጣለሁ።"

እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። እሷ ሁሉንም በራሷ ላይ ከወሰደች የእኔ ሁለት መቶ ኮፒ ተድበስብሶ ይቀራል ብዬ አሰብኩ። ሄጄ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ኋላ እንደሰማሁት፣ አንዷ ጎረቤት በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችባት፤ አንዱ ስንት ተከፍሎሽ ነው ብሎ ሰደባት። ቢሆንም ሰው መውጣት ጀመረ። እንዲህ ራሷን የምታዋርድ ሴት አትዋሽም ብለው ይመስለኛል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በመስኮታችን ስር ጎረቤቶቻችን በሦስትና በአራት ሆነው ያልፉ ጀመር። አናጺውም ሚስቱን አስከትሎ አለፈ።

አባቴ አንገቱን አስግጎ አያቸው። "እነዚህ ሁሉ የት ነው የሚሄዱት?"

"እንጃ" አልኩት።

ምርጫው የሚዘጋው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ድምፅ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ድረስ በአባቴ እግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። አሥር ሰዓት ሆነ፤ እህቴ አልመጣችም። አሥራ አንድ ሲሆን ልነግረው አፌን ከፈትኩና "ሻይ ላፍላልህ?" አልኩት። ላፍላልህ ያልኩትን ሻይ አፍልቼ እስክመለስ አሥራ አንድ ተኩል አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ቢነገረውም አይደርስም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

እህቴ አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ድምጿ ተዘግቶ ገባች። ሌላውን ቤት ሁሉ ስታዳርስ የኛን እየፈራች ወደ መጨረሻ እንደገፋችው ፊቷ ላይ ያስታውቃል። እግሩ ስር ቁጭ ብላ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ጽሑፉን፣ ግልባጩን፣ ማስተባበያውን።

"ሰው ቤት ሁሉ ደርሰሻል?" አላት አባቴ።

"ደርሻለሁ አባዬ። ያንተን ብቻ ነው…"

"ደግ አድርገሻል። ተነሺ፣ እግርሽን ታጠቢ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አንቺን ግን ጠይቄሽ ነበር" አለኝ።