በጠፋ ስክሪን ፊት የተነሳ ፎቶ

ዛሬ ተማሪዎቼ በጠፋ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም የሚጽፉ መስለው ፎቶ ተነሱ።

ቴፒ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፓራለል ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ፤ አንድን ሥራ ለብዙ ፕሮሰሰር ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ማሠራት ማለት ነው። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ከመጡ ቆይተዋል። ግን እንግዳ መጥቶ ሳይመርቃቸው አይነኩም ተብሎ ስቶር ተቆልፎባቸው ነበር።

ስለዚህ ሴሚስተሩን ሙሉ ያስተማርኩት በእሸት ቡና ነው። አራት ተማሪዎች ከአንድ ሰፌድ ቀዩን ከአረንጓዴው ይለያሉ። ሁለት እጅ አንድ ፍሬ ላይ ሲጋጭ፣ ማን ማንን መጠበቅ እንዳለበት እንነጋገራለን።

(ቡና ለመንካት ደግነቱ ሪባን አይቆረጥም።)

ዛሬ እንግዳው መጡ፣ መብራት ሄደ። የዝግጅቱ አስተባባሪ «ልጆች፣ ዝም ብላችሁ ኪቦርዱን ነካ ነካ አድርጉ» አላቸው። አደረጉ። ፎቶ ተነሳ፣ ተጨበጨበ። የእንግዳው መኪና ከግቢ እንደወጣ ኮምፒውተሮቹ «እንዳይበላሹ» ተብሎ ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ።

ከሸኮ የመጣችው ተማሪዬ ብርቱካን በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ዘንድሮ እኮ ተመራቂ ነን። ለሥራ ፈተና ስንቀርብም ሰፌድ ይሰጡናል?»

«ነገ ክፍል ውስጥ እነግራችኋለሁ» አልኳት።

እንዲህ ተጠይቆ የሚያውቅ መምህር ካለ፣ ምን ብሎ እንደመለሰ ይጻፍልኝ። ነገ ጠዋት እነሱ ክፍል እገባለሁ።