ዓርብ የተነሣ ጌታ

ልጅ እያለሁ፣ ዶሃ ውስጥ፣ ጌታ የሚነሣው ዓርብ ነበር። እሑድማ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ ማን ሊሰማው? ስለዚህ አል አስማኽ ሰፈር በነበረችው ጠባብ ቤታችን የሚሰበሰበው ኅብረት ትንቢቱንም፣ ስቅለቱንም፣ ትንሣኤውንም በአንድ ዓርብ ከሰዓት በድራማ ይጨርሰው ነበር። ሶፋው ወደ ኮሪደር ይወጣል፣ ሰው ምንጣፉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ የኤሲው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። እናቴ የሠራችው ዶሮ ወጥ ከደረጃው ጀምሮ ይሸታል።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጊዜ የመቃብሩ መልአክ እኔ ሆንኩ። ክንፍ ስላልነበረን የአባቴን ነጭ ጀለቢያ አለበሱኝ። ጫፉን በመርፌ ቁልፍ የሰበሰበችልኝ እትዬ ፀሐይ ናት። ሙዓይዘር ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራ፣ ማዳሟ በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ የምትለቃት ሴት ነበረች። በዚያው ወር አገር ቤት እናቷ ሞተውባታል፤ ፈቃድ ተከልክላ ቀብራቸው ላይ አልደረሰችም።

"ስሚ የኔ መልአክ" አለችኝ ጎንበስ ብላ፣ "እማዬን አፈር ሳላለብስ ቀረሁ። ዛሬ ደግሞ መነሣቱን ሳልሰማ ከሄድኩ ዓመቱን እንዴት እገፋዋለሁ?"

ዝግጅቱ በትንቢት ተጀመረ። ኢሳይያስ የደረሳቸው ጋሽ ደምሴ ደግሞ ነገር ከያዙ የማይለቁ ሰው ናቸው፤ ወደ መታረድ ስለሚነዳው በግ ሲያብራሩ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከእሳቸው በኋላ ዳዊት ቀረበ፣ ከዳዊት በኋላ ዮናስ ከነዓሣው። ጌታን የሆነው ወንድም ገና ጲላጦስ ፊት እንደቆመ ከውጭ ክላክስ ተሰማ። የቪላው ሾፌር ነበር። እትዬ ፀሐይ ሰዓቷን አየች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ አንገቷን ደፍታ ወደ በሩ ሄደች።

አላስቻለኝም። ተራዬን ከምጠብቅበት መጋረጃ ጀርባ ዘልዬ ወጣሁና "እዚህ የለም! ተነሥቷል!" ብዬ ጮህኩ።

ጌታ ራሱ ዞሮ አየኝ።

"ልጄ፣ ገና አልሞተም እኮ!" አሉ ጋሽ ደምሴ።

እትዬ ፀሐይ ግን አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ እንዳስገባች እልልታዋን አቀለጠችው። እያለቀሰችም እየሳቀችም ተመልሳ ጉንጬን ሳመችኝ። "ኸላስ፣ ሰምቻለሁ፤ በቃኝ!" ብላ ሮጠች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ደምሴም ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ጲላጦስ መለሱን፤ የተነሣውን ጌታ ወስደን ሰቀልነው።

ዛሬ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሰፊ ነው፤ ስቅለቱ በዓርቡ፣ ትንሣኤው በእሑዱ፣ ሁሉም በወጉ ይደረጋል፤ ክላክስ የሚያደርግብንም የለም። ያን ቀን ደስ እንዳለኝ ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዘንድሮ ደግሞ እናቴን ቀበርኩ። እኔስ በእጄ አፈር አልብሻታለሁ፤ ያም ሆኖ ፋሲካው ሲቃረብ ቤቱ ጭር አለብኝ። የስቅለት ዕለት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አገሯ ገብታ ሐዋሳ ሱቅ የከፈተችው እትዬ ፀሐይ ነበረች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

"ተነሥቷል!" አለችኝ።

"እትዬ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።"

"አውቃለሁ የኔ መልአክ። አንቺስ መቼ እስከ እሑድ አስጠበቅሽኝ?"