እማዬ ዘሃራን የሰደበችበት ቀን

ባለፈው ወር ልጄን ለመጠየቅ ወደ ሰመራ ስጓዝ አውቶቡሱ ለምሳ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ቆመ፤ ገና ከመውረዴ ፀሐይ ያጋለው ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከጋራዦቹ በኩል መጥቶ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ምሳውን ትቼ እግሬ ወደ ጣቢያው ጀርባ፣ ተወልጄ ወዳደግሁበት ባቡር ሰፈር ይዞኝ ሄደ።

ባቡር ሰፈር ከፊት ለፊት ለባቡር ሠራተኞች የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች፣ ከኋላ ደግሞ ከወሎ፣ ከሐረርጌና ከጉራጌ አገር እንጀራ ፍለጋ የመጣው ሁሉ በጭቃና በቆርቆሮ የቀለሳቸው ጎጆዎች ነበሩት። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ደጅ ስለሚያውለው ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ማን ከሚስቱ እንደተኳረፈ፣ የማን ወጥ እንዳረረ፣ ማን ከድሬዳዋ የኮንትሮባንድ ሳሙና እንዳስመጣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አባቴ ጋሽ ተሰማ በዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ነበር፤ ባቡር ከሩቅ ሲጮህ የሚነዳው ማን እንደሆነ ይነግረናል፣ ግማሹን ጊዜ ይሳሳታል፣ እኛም አናርመውም።

ያ ወሬኛ ሰፈር በደርግ ጊዜ፣ ወጣቶች በየከተማው መታፈስ ሲጀምሩ፣ ዲዳ ሆነ። ሰው ከመናገሩ በፊት ግራና ቀኝ ማየት ለመደ፤ ሬዲዮ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይደመጥ ጀመር፤ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ያሰጣ ሰው ራሱ ይጠረጠር ነበር። "ጆሮ" ማለት ወሬ አቀባይ ማለት ሆነ።

እትዬ ዘሃራ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ብቻዋን ከወሎ መጥታ ከቤታችን ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራየችና ሻይ ቤት ከፈተች። ቅርንፉድ የበዛበት ሻይዋ ግሩም ነበር፤ ጥፋቷ መጠየቋ ነው። ብርጭቆውን እያቀረበች "በዕቃው ባቡር ሰው ይሳፈራል?" "ከደሴ የመጡ ልጆች እዚህ ያርፋሉ?" ትላለች። ባል የላት፣ ዘመድ የላት፣ ገበያ ቢቀዘቅዝባትም አትሄድ፤ ሰፈሩ ጆሮ ናት ብሎ ፈረደ። ጎረቤታችን መምህሩ በጠራራ ፀሐይ ሲወሰድ ደግሞ ማስረጃ የሚጠይቅ ጠፋ፤ በየጠዋቱ ሻይ የሚጠጣው እሷ ዘንድ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ደጇን የሚረግጥ አልተገኘም። እኔም በበሯ ሳልፍ የምትሰማኝ እየመሰለኝ ትንፋሼን ይዤ እሮጥ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሳትጠራ ቤታችን ገባች። እኔን ደጅ አስወጡኝ፤ ውስጥ የሆነውን እማዬ የነገረችኝ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

"ጋሽ ተሰማ፣ ልጄን ነው የምፈልገው" አለች ዘሃራ። "እንድሪስ ይባላል፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። አዋሽ ጣቢያ ያዩት ሰዎች አሉ። ወላሂ ለማንም ትንፍሽ አልልም፤ መኖሩን ብቻ ይንገሩኝ።"

"አላየሁም፣ እትዬ" አላት አባቴ።

"አላህ ያውቃል" ብላ ወጣች።

እማዬ ግን አባቴ ዘሃራን ቀና ብሎ ሳያይ መመለሱን ልብ ብላ ኖሮ አፋጠጠችው። ለካ ባለጠባሳውን ልጅ በጥጥ ጆንያዎች መሃል ሸሽጎ ድሬዳዋ ያደረሰው እሱ ነው፤ ልጁም ጅቡቲ መግባቱን ከሥራ ጓደኛው ሰምቷል።

"እናቱ ብትሆንስ?" አለችው።

"ባትሆንስ? እኔን ከወሰዱኝ እነዚህን ልጆች ማን ያሳድጋል? አንዲት ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ!"

በማግስቱ ቦኖ ውሃ ተሰልፈን፣ ከጎረቤት ጋር ተጣልታ የማታውቀው እማዬ ባልዲዋን ጥላ ዘሃራ ላይ ተነሳችባት። እዚያው አጠገቧ ነበርኩና እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት ስለማላውቅ ቀሚሷን ጨምድጄ ያዝኩ። "አንቺ ሴት፣ የምትፈልጊው እዚህ የለም! ሰው አታሳቅቂ! አምላክሽ ከዚህ ነቅሎ ጅቡቲ ይጣልሽ! ጅቡቲ ነው የምልሽ፣ ሰምተሻል?"

ዘሃራ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ "አሚን" አለች።

"ዓይን አውጣ! እርግማኑንም አሚን ትላለች!" ብለው ሴቶቹ ተሳሳቁ። ሳምንት ሳይሞላ ክፍሏ ባዶ ሆነ። ልጇን ታግኘው አታግኘው የሰማ የለም።

ሰፈሩ እማዬን ጆሮ ያባረረች ጀግና አደረጋት። አንዷ ጎረቤታችን፣ ስኳር በራሽን በሚገኝበት ጊዜ፣ ስኳር በሰሃን ይዛላት መጣች። አባቴ ግን "ምነው ጅቡቲ አልሽ?" ብሎ ጠየቃት። "አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው" አለችው። አላመናትም፤ ከዚያ በኋላ የሥራ ቦታውን ወሬ ቤት ውስጥ አያወራም፣ ባቡር ሲጮህም የሾፌሩን ስም መገመት ተወ።

መምህሩን ማን እንዳስያዘው ዛሬም አይታወቅም። "ስኳሩን ያመጣችልኝ ብትሆንስ?" ትላለች እማዬ። ይህን ሁሉ በነገረችኝ ቀን፣ "አሁንማ ደርግ የለ፤ ምነው ዘሃራ ጆሮ እንዳልነበረች ለሰፈሩ ብትነግሪ?" አልኳት።

"ለየትኛው ሰፈር?" አለችኝ፤ ጎረቤቶቻችን ግን ያኔም እዚያው፣ በየበራቸው ተቀምጠው፣ ጆሮ ያባረረች ጀግና እያሉ ያወድሷት ነበር።